የቱፋ ዙፋን

ከሞጆ ወጥተን፣ የቆዳው ሽታ ካፍንጫችን ሳይለቅ፣
ገመድ ተበጠሰ፤ ሸምሱ ፍሬን ያዘ ዕቃችን ሲወድቅ።
ከበሮው ደህና ነው። አኮርዲዮኑ አንዴ አቃሰተ፤
የዘይት ቆርቆሮው ዘውድ ከቦይ ውስጥ ተጎተተ።
የተሰበረው ዙፋኑ ነው።
እማዋይሽ የግራ እግሩን ካስፋልት ላይ አንሥታ፣
"የንጉሡን ቁርጭምጭሚት ያያችሁ!" አለች በጨዋታ።
ሳቅን።
ሰባት ሰው ባንድ አይሱዙ፤ ከሳቅ ሌላ ምን ስንቅ ያዝን?

እኔ አስታዋሽ ነኝ። ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብዬ
ለሌላው ቃል የማቀብል፣ የራሴን ቃል አዝዬ።
ቃል ሲጠፋ እኔን ነው የሚያዩኝ፤
ዕቃም ሲጠፋ ያው እኔን ነው የሚሉኝ።
"ወንበር ፈልግ" ተባልኩ።
ትርኢቱ ለአሥራ ሁለት፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል።

አዳማ በዘጠኝ ሰዓት ከፀሐይ ጋር አትከራከርም፤
ጥላ ያገኘ ሰው ጥላውን ላባቱም አይለቅም።
የጋሪ ፈረስ እንኳ ከቆመ ባጃጅ ተጠግቶ
ያንቀላፋል፣ አንገቱን ደፍቶ።
ፍራንኮን ዞርኩት። ሻይ ቤቱ "የደንበኛ ነው" አለኝ፤
የሠርግ ዕቃ አከራዩ መያዣ ብር ጠየቀኝ፤
በኪሴ የነበረው
የሰባት ሰው እራት ነው።

ከፖስታ ቤት ወረድ ብሎ ቱፋ ፀጉር ቤት አለ፤
ወንበሩ ቀይ ቆዳ፣ ክንዱ ኒኬል፣ የኛ ንጉሥ ያልታደለ።
"ማን ሊቀመጥበት?" አለኝ። "ንጉሥ" አልኩት።
"መጨረሻው?" "በሦስተኛው ገቢር ይሞታል" እውነቱን ነገርኩት።
"ደም አለው?" "ቀለም ነው፤ በውኃ ይለቃል።"
"እንግዲህ ለንጉሥ አንድ ማታ ይበቃዋል።
ኪራዩን ተወው፤ ፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጠኝ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኋላው ቆምኩ፣
ፊቱን ማየት አማረኝ።"

አዳራሹ ሞላ ብል ውሸት ነው። ግማሹ።
ከወንጂ የመጡ ሸንኮራ ቆራጮች፣ ሱቅ ዘግተው ከነልጆቻቸው የመጡ፣
ነፋሱን ሽሽት የገቡ፣ በነፃ የሾለኩ።
ጋሽ ልሳኑ የወደቀውን አኮርዲዮን ዘረጋ፤
ሳል ጨመረበት እንጂ ዜማውን አልዘነጋ።
ፍሬሰንበት ዘውዱን ደፍቶ ገባ፤ ተቀመጠ።
ወንበሩ፣ ልማዱ ነውና፣ ወደ ኋላ ተለጠጠ።
ንጉሡ ጣራ ጣራ እያየ አዋጁን ጀመረ፤
አንድ ሕፃን "ሊላጭ ነው!" አለ፣
ቤቱ በሳቅ ተሰበረ።

ከዚያ መብራት ሄደ።

ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ላይ፣ ነጫጭ ክንፎች ነፋስ ሲፈጩ ያድራሉ፤
ዱቄቱ ወዴት እንደሚጫን እነሱ ያውቃሉ።
ፍሬሰንበት ቃል ጠፋበት። ትንፋሹን ሰማሁት።
ጽሑፉ አይታየኝም፤ ግን በቃሌ አለኝ፣ ሹክ አልኩት፦
"ማን አለ?"
ሲሞት የሚለው ነው።
አልሰማኝም። ደግሜ፣ ከፍ አድርጌ፣ "ማን አለ?"
"አለሁ" አለ አንድ ድምፅ ከፊተኛው ረድፍ፣ ሰው ሁሉ ዝም እንዳለ።
"አለሁ። በግራህ በኩል ማንሻ አለው፤
ቀስ ብለህ ሳበው።"

ማንም አልሳቀም።
ስልኮች አንድ በአንድ በሩ። ንጉሡ ቀጥ ብሎ ተነሣ፤
በሰው መዳፍ ብርሃን ሞተ፣ አንድም ቃል ሳይረሳ።
እማዋይሽ ስታለቅስ ቆየች፤
ጽሑፉ ላይ ግን "ትወጣለች" ነው የሚለው።

ጠዋት ወንበሩን በጋሪ መለስነው። ክንዱ ላይ ቀይ ጠብታ
ደርቋል። ልጠርግ ስል፣ "ተወው" አለ። "ፊቱ እንዴት ነበር?" አልኩት ቆይቼ ላፍታ።
"ሰው ሲቀመጥበት ነው የሚያምረው፤ ቁጭ በል።"
አንገቴ ላይ ጨርቅ አሰረ፣ ወደ መስታወቱ አዞረኝ፤
ስንት ትርኢት ከጀርባ ያየሁት ሰውዬ
ከፊት ለፊት አፈጠጠብኝ።
ውጭ ሸምሱ ክላክስ ይነፋል፤ ለማታው አሰላ ነን፣
የተሰበረው እግር ገና አናጺ አላየውም፤
ቱፋ ግን ምላጩን እየሳለ፣
"ንጉሥ አይቸኩልም" አለ።